ወደ ምድር የወረደው አዛዥ

ወንድሜ ወደ ምድር የወረደ ጊዜ ያረፈው እኛ ላይ ነው።

ከዚያ በፊት የሚኖረው ሰማይ ላይ ነበር። ጢሙ ሳያቀመቅም ጀምሮ ፀጉሩ ከግንባሩ እስኪሸሽ ድረስ የጻፈው ስለ መንኩራኩር፣ ስለ ሰባት ፀሐዮችና ሦስት ሦስት ልብ ስላላቸው ሰዎች ነው። አንዲቷን ልቡን በቅጡ ማስተዳደር ያቃተው ሰው ለሌላው ሦስት ሦስት ያድል ነበር። ስድስት መጽሐፍ አሳትሟል። የሰፈሩ ሰው በመጽሐፎቹ ጀግና ስም «አዛዡ» ይለዋል፤ እሱም ስሙን እንደ ማዕረግ ተሸክሞ ኖሯል። ዳቦ ቤት ሲገባ እንኳ አንድ ጎረምሳ «አዛዡ መጡ» ብሎ ወረፋውን ከለቀቀለት፣ የዚያን ቀን ለሰው ሰላምታ የሚሰጠው ከአንገቱ ቀና ብሎ ነው።

እኔ መጽሐፎቹን አልወዳቸውም ነበር። ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ የሚባለው ለእሱ የተነገረ ይመስለኛል። የእኔ ሥራ ጥርስ ነው። የጥርስ ሐኪሙ ክፍል ጀርባ ባለች ጠባብ ክፍል ውስጥ ጀሶ አቡክቼ፣ ሰም አቅልጬ፣ ጥርስ ለሌለው ሰው ጥርስ እሠራለሁ። የሠራሁት ነገር ዳቦ መግመጥ አለበት፤ ካልገመጠ ሰውየው በማግስቱ ተመልሶ ጠረጴዛዬ ላይ ይወረውርልኛል። ወንድሜ የጻፈውን መንኩራኩር ግን አይበርም ብሎ የመለሰለት ሰው የለም።

ከሰማይ ያወረደው ሃያሲው ነው። ይህ ሰው በወጣትነቱ አንድ ቀጭን መጽሐፍ አሳትሞ፣ ከዚያ ወዲህ የሌሎችን መጽሐፍ ሲያቀጥን የኖረ ነው። ሙቀት ሆነ ብርድ አንገቱ ላይ ሻርፕ ይጠመጥማል። ሁሉም ሰው አንቱ ይለዋል፤ እኔ እዚህ አልለውም። የወንድሜ ስድስተኛ መጽሐፍ ሲመረቅ መጣና፣ የቀረበውን ሁሉ በልቶ ሲያበቃ የወንድሜን ትከሻ ያዝ አድርጎ፣ ችሎታ እንዳለው፣ ግን መቼ ነው ወደ ምድር የሚወርደው ብሎ ጠየቀው። ይኸው ነው የተባለው። ስድስት መጽሐፍ ሙሉ የንጉሥን ጦር ብቻውን ሲደመስስ የኖረው አዛዥ በአንድ ሻርፕ ተማረከ።

ከዚያ በኋላ ሌላ ሰው ሆነ። መደርደሪያው ላይ የደረደራቸውን ትንንሽ መንኩራኩሮች በካርቶን ከቶ እኛ ቤት ዕቃ ክፍል አመጣቸው፤ እሱ ቤት ሰው ቢያያቸው ያፍራል። የመነጽሩን ክፈፍ ቀየረ። ንግግሩ ቀስ አለ፤ ቃል ከአፉ የሚወጣው በወረፋ ሆነ። «አዛዡ» ብለው ሲጠሩት የሰው ስም የሰማ ያህል ዞሮ ማየት ተወ። እስካሁን የጻፈው የልጅ ጨዋታ እንደነበርና ከአሁን በኋላ እውነተኛውን ሕይወት ብቻ እንደሚጽፍ ለጋዜጣ ተናገረ። እውነተኛው ሕይወት የት እንዳለ አድራሻውን የጠየቀው ግን እኔን ነው፤ ምክንያቱም አባታችን የተኛው እኔ ጋ ነው።

አባዬ ዕድሜውን የፈጀው ማተሚያ ቤት ውስጥ በአራሚነት ነው። የሰው ሁሉ ስሕተት በዓይኑ ሲያልፍ ኖሮ፣ በመጨረሻ ዓይኑ ራሱ አለፈ። ብርሃንና ጥላ ይለያል፤ ፊደል ግን ጠፍቶበታል። እግሩም ከከዳው ቆይቷል። መስኮቱ ሥር አልጋውን ዘርግቼለት፣ ጠዋት አጥቤው ወደ ሥራ እሄዳለሁ፤ ለምሳ እመለሳለሁ፤ ከዚያ ደግሞ ማታ። ወንድሜ የሚኖረው ከተማው ማዶ፣ ስልክ የማይነሣበት ቤት ውስጥ ነው።

በቤታችን አንድ ልማድ ነበር። ወንድሜ የጻፈውን ነገር ሁሉ ከመታተሙ በፊት አባዬ ይሰማዋል። መጀመሪያ ላይ የሚያነብለት እሱ ራሱ ነበር፤ ስም ካወጣ በኋላ ንባቡ እኔ ላይ ወደቀ፤ እሱ እርሳስ ይዞ ጥግ ይቀመጣል። አባዬ ሲሰማ ዓይኑን ስለሚጨፍን መተኛት አለመተኛቱ የሚታወቀው በቀኝ አውራ ጣቱ ነው። ጣቱ የብርድ ልብሱን ጠርዝ እየተከተለ ከግራ ወደ ቀኝ ይሄዳል፣ መስመር እንደሚያርም ሰው፤ ዳር ሲደርስ ይመለሳል። ጣቱ ከቆመ አባዬ ተኝቷል ማለት ነው። ያን ጊዜ ወንድሜ በወረቀቱ ጠርዝ ላይ ምልክት ያደርጋል፤ ምልክት የተደረገበት ሁሉ ይወጣል። አንባቢ ሁሉ «መጽሐፎችህ ላይ አንድ ትርፍ ገጽ የለም» እያለ የሚያደንቀው ሌላ ምስጢር የለውም። አርታኢው የአባቴ እንቅልፍ ነበር። ሁሉም ተነቦ ሲያልቅ ደግሞ አባዬ ዓይኑን ገልጦ፣ በማተሚያ ቤት ዘመኑ በመጨረሻው ወረቀት ላይ ይጽፈው የነበረውን ቃል ይላል፤ «ይታተም»።

ስድስተኛው መጽሐፍ ያለቀው እንዲህ ነው። አዛዡ ከሽማግሌው መንገድ መሪ ጋር ተጣልቶ በትንሿ መንኩራኩር ጥሎት ይሄዳል። ይህ መንገድ መሪ ዕውር ነው፤ ሰባቱን ፀሐዮች በፊቱ ላይ በሚሰማው ሙቀት እየለየ ነው የሚመራው። አዛዡ ሲሄድ ሽማግሌው ከትልቁ መንኩራኩር ውጭ ነበር፤ የተበላሸ ነገር ሊጠግን ወጥቶ በአንዲት ገመድ ታስሯል። አየሩ እያለቀበት ነው። በሩ ደግሞ ከአዛዡ መዳፍ በቀር ለማንም አይከፈትም። የመጨረሻው ዓረፍተ ነገር «በሩ ተዘጋ» ይላል። ከዚያ በኋላ የሚመጣው ጀርባው ላይ ያለው የወንድሜ ፎቶግራፍ ነው።

የማያውቁት አገር አይናፍቅም ይባላል። አባዬ ግን ያንን መሬት የሌለው አገር ናፈቀ። የሚያክመው ሐኪም ልቡ እንደ ደከመ፣ ብዙም መጠበቅ እንደሌለብን ነግሮኛል፤ አባዬም ሳይነገረው ያውቃል። ስለ ውርስ አላወራ፣ ስለ ቀብር አላወራ። ከዚህ ዓለም የቀረው ጉዳይ አንድ ብቻ ነበር፤ ዕውሩ ሰውዬ ይገባል ወይስ እዚያው ተንጠልጥሎ ይቀራል። ጠዋት ፊቱን ሳጥበው ይጠይቀኛል። ሾርባውን ሳጠጣው ማንኪያውን በእጁ ያዝ አድርጎ ይጠይቀኛል። ወንድሜን ልጠይቅልህ እለዋለሁ።

ጠየቅኩትም። ስልኩ ሲነሣ እንዳያመልጠኝ ሰላምታውን ዘልዬ ነው የጀመርኩት። «እታለም» አለኝ፤ እታለም የሚለኝ እምቢ ሊለኝ ሲል ወይም ሲፈልገኝ ነው። «እታለም፣ እኔ እኮ ከዚያ ነገር ወጥቻለሁ።» ከመጠጥ የወጣ ሰው ነው የሚመስለው። መጽሐፍ ጻፍ አላልኩህም፣ መጥተህ አጠገቡ ተቀመጥና ገባ ወይም አልገባም በለው አልኩት። መጨረሻ እንዲህ በአፍ እንደማይነገር፣ ደግሞም ለአንድ ሰው ሲል ወደ ኋላ እንደማይመለስ አስረዳኝ። አንድ ሰው ያለው አባታችንን ነው። ስልኩን የዘጋው እሱ ስለሆነ መልሴ እጄ ላይ ቀረ።

ከዚያ እንዲያውም መጣ። መጥቶም ይመላለስ ጀመር። መጀመሪያ ላይ እኔ ሞኟ፣ ልጅነቱ መለሰው ብዬ ደስ ብሎኝ ነበር። ለካ የመጣው እውነተኛውን ሕይወት ሊያይ ነው። አባዬ ሲውጥ ጉሮሮው እንዴት እንደሚነሣ ጎንበስ ብሎ ያያል። ጣሪያው ላይ ያለውን የእርጥበት ምልክት ቆሞ ያጠናል፤ አንድ ጊዜ እንኳ ላስቀባው አላለም። አንሶላ ስቀይር አባዬን ወደ ግድግዳው አገላብጬ ሳበቃ፣ «አንዴ ልትደግሚው ትችያለሽ? እጅሽን አላየሁትም» አለኝ። ደግሜ አላሳየሁትም። ያንን ጫፍ ያዝልኝ ስለው ደግሞ ጣልቃ ከገባ ነገሩ እውነተኛነቱን እንደሚያጣ ነገረኝ። ሃያሲው ያስተማረው ይህንን ነው፤ ደራሲ ዓይን እንጂ እጅ የለውም።

አባዬ ግን ልጁ በመምጣቱ ተደስቷል። ድምፁን በሰማ ቁጥር ፊቱን ወደ በሩ ያዞራል። አንድ ቀን ራሱ ጠየቀው፤ «ያ ዕውር ሰውዬ ምን ሆነ?» አለው። ወንድሜ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጦ፣ ያ ሁሉ እውነት እንዳልነበረ፣ መንኩራኩሩም ሽማግሌውም እንዳልነበሩ በዝግታ አስረዳው። አባቴ ይህንን የማያውቅ ይመስል። አባዬ «እሺ» አለ፤ ብርድ ልብሱንም እስከ አገጩ ሳበው።

ክረምቱ ሲያልቅ አዲሱ መጽሐፍ አለቀ። ርዕሱ «እርጥበት» ይባላል። ወንድሜ እንደ ልማዱ ወረቀቱን በማኅደር ይዞ መጣ፣ ለእኔ ሰጠኝ፣ እርሳሱን ቀርፆ ጥግ ተቀመጠ። ይህንን ልማድ ለምን እንዳልተወው አላውቅም፤ ሰው ሃይማኖት ሲቀይር እንኳ የቀድሞውን ጸሎት አፉ አይረሳም መሰለኝ። እኔም ማንበብ ጀመርኩ። አንዲት ሴት ሽንኩርት ትልጣለች። ውጭ ዝናብ ይዘንባል። ሴትየዋ ሽንኩርቱን ታየዋለች፤ ሽንኩርቱ ምንም አይልም። ገጽ ገለጥኩ፤ ሴትየዋ አሁንም ሽንኩርቱ ላይ ናት። የአባዬ አውራ ጣት የመጀመሪያው ሽንኩርት ተልጦ ሳያልቅ ቆመ።

ወንድሜ ምልክት ሊያደርግ እርሳሱን አነሣ፤ ግን ከየት ጀምሮ የት ድረስ ይውጣ? ከርዕሱ ጀምሮ ሊሰርዝ ነው። እርሳሱን አየር ላይ ይዞ ቆየና ተነሥቶ ኮቱን ለበሰ። አባዬ የዚህ መጽሐፍ አንባቢ አይደለም አለ። ሥነ ጽሑፍ ሰውን ነቅቶ ለማቆየት የተሠራ እንዳልሆነ ነገረኝ። ያንንማ በዓይናችን አየን አልኩት። ፊቱን አጠቁሮ ወጣ። ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ ረስቶት ሄደ፤ ሃያሲው ቀጥሮት ስለነበር ቸኩሏል።

በማግስቱ እኔ ወረቀቱን ዕቃ ክፍል ከመንኩራኩሮቹ ጋር ልከተው ነበር። የከለከለኝ አባዬ ነው። «ልጁ የለፋበት ነው። እስከ መጨረሻው አንብቢልኝ» አለ። የወላጅ ነገር። ከሥራ ስመለስ፣ ገና ብርሃን ሳለ፣ ጥቂት ጥቂት አነብለት ጀመር። ይሰማል፣ ይተኛል፣ ይነቃል፣ ይቅርታ ይጠይቀኛል። እውነተኛው ሕይወት ውስጥ ምንም አይሆንም ብሎ ወንድሜ ያምናል። ይህንን የጻፈው የእኔን ቤት አይቶ ነው፤ ጠዋት አባቴን ተሸክሜ፣ ቀን የሰው አፍ ውስጥ ጎንብሼ፣ ማታ አንሶላ አጥቤ የማሰጣውን ቤት። ምንም አይሆንም!

እንዲህ እያልን የመጨረሻው ምዕራፍ ላይ ደረስን። «ሽማግሌው በመስኮቱ ሥር ተኝቷል» ብዬ ጮክ ብዬ አነበብኩ። ሰው ሲያነብ ዓይን ከአፍ ይቀድማል፤ የእኔም ቀደመ። ቀጥሎ ያለው ጣሪያው ላይ ያለው እርጥበት ነው። ቀጥሎ ማንኪያው። ቀጥሎ የሽማግሌው ትንፋሽ እየራቀ መሄዱ። አባዬ በሕይወት እያለ፣ በራሱ አልጋ ላይ፣ በራሱ ብርድ ልብስ ሥር ገድሎታል። ልጁ አጠገቡ ተቀምጦ እጁን ይዞታል፤ ሌሊት ከቀን ያስታመመው ልጁ ነው። ሴት ልጁም አለች። «በሚቀጥለው ክፍል እኅቱ ጥፍሯን ትቆርጣለች። ቀጭ፣ ቀጭ ይላል።»

እኔ ነኝ። ስድስት መጽሐፍ ሙሉ በሰማይ ሲዋሽ የማንንም ስም አላጠፋም ነበር። ወደ ምድር ወርዶ የመጀመሪያው ውሸቱ ይኸው ሆነ፤ እውነት ብሎ ስም አወጣለት። ወረቀቱን አባቴ ደረት ላይ ጥዬ ልነሣ ነበር።

«ለምን ቆምሽ?» አለ አባዬ። ጣቱ የብርድ ልብሱ ጠርዝ መካከል ላይ ቆሞ ቀጣዩን መስመር ይጠብቃል።

ወረቀቱ ተጣብቆብኝ ነው አልኩት። ከዚያ እንዴት እንደመጣልኝ አላውቅም። «የተኛ ይመስላል» አልኩ፣ እንደማነብ ሆኜ። «ግን አልተኛም። ገመዱን ጨብጦ በመንኩራኩሩ መስኮት ሥር ተንጠልጥሏል።»

የአባዬ ጣት ደነገጠ። ከዚያ ወደ ቀኝ መሄድ ጀመረ፤ በዚያ ዓመት ሄዶ በማያውቅ ፍጥነት። እኔም ቀጠልኩ። ዓይኔ የሚያየው የአባቴን ሞት ነው፤ አፌ የሚያወራው ሌላ ነው። ንቄ ያነበብኩት ነገር ሁሉ ለካ ውስጤ ተቀምጦ ኖሯል፤ ባለ ሦስት ልቦቹም፣ ባለ ጅራቱ ንጉሥም፣ እያንዳንዱ ፀሐይ በየትኛው ጉንጭ ላይ እንደሚሞቅም። ሽማግሌው አየሩ ሊያልቅ ሲል አምስተኛዋ ፀሐይ ግራ ጉንጩን ሞቀችው፤ ከዚያ የበሩን አቅጣጫ አወቀ። ገመዱን እየሳበ ደረሰ። አንኳኳ። ውስጥ የሰማችው ወጥ ቤቷ ብቻ ነበረች።

ይህቺ ወጥ ቤት በስድስቱም መጽሐፍ ውስጥ አለች። ወንድሜ ምግብ ይዛ ትገባለች፣ ሳህን ይዛ ትወጣለች ከማለት በቀር የጻፈላት ነገር የለም። ሳህኗን አስጥዬ ወደ በሩ አስሮጥኳት። በሩን በሁለት እጇ ገፋችው ስል አባዬ እጁን አነሣ። ስሕተት ሲያገኝ እንዲህ ነው የሚያደርገው።

«በሩ የሚከፈተው በአዛዡ መዳፍ ብቻ ነው» አለ። «ሁለተኛው መጽሐፍ ላይ አለ።»

እዚያ ላይ ተናደድኩ። ያ ሁሉ ምግብ ያመላለሰች ሴት በር እንኳ መክፈት አትችልም። በድስት ላስሰብራት ነበር፤ እውነቴን ነው፣ ድስቱን አስይዣታለሁ። ግን አባዬን አየሁት። አፉ ከፈት ብሏል፣ ጣቱ ከብርድ ልብሱ ተነሥቶ አየር ላይ ቀርቷል፣ የማያይ ዓይኑን ወደ ቤታችን በር አዙሮታል። ስለ ወጥ ቤቷ አይደለም የጠየቀኝ። ምን እየጠየቀኝ እንደሆነ ገባኝ። እንደዚያን ሰዓት ወንድሜን የጠላሁት ጊዜ የለም፤ አባቴንም እንደዚያ የወደድኩት ጊዜ የለም።

«አዛዡ ተመለሰ» ብዬ አነበብኩ። መንገድ ላይ ሳለ ነገሩ እንደቆጨው፣ ትንሿን መንኩራኩር እንዳዞራት፣ ሮጦ መጥቶ መዳፉን በሩ ላይ እንዳሳረፈ አነበብኩ። ሽማግሌውን በብብቱ ይዞ አስገባው። ይቅርታ እንኳ አስጠየቅኩት፤ ለወንድሜ አፍ የማይሆነውን ቃል ለአዛዡ አፍ ሰጠሁት። ጥርስ እንደ መሥራት ነው፤ የሌለውን ሠርቼ ገጠምኩለት።

አባዬ አልተኛም። አንድም ጊዜ አልተኛም።

«ይህንን አንቺ ነሽ የጻፍሽው» አለኝ።

«ወረቀቱ ላይ ያለውን ነው ያነበብኩት አባዬ።»

«እሱ ቢጽፈው አዛዡ አይመለስም። አባቱ ነኝ፣ ልጄን አውቀዋለሁ።» እጄን ፈልጎ ያዘኝ። «ግን እንዲህ ይሻላል። ይታተም።»

ከዚያ ወዲህ ስለ ዕውሩ ሰውዬ ጠይቆኝ አያውቅም። አንድ ቀን ወንድሜ ሲደውል ስልኩን ጆሮው ላይ ያዝኩለት፤ የአዛዡን መጨረሻ ሰምቻለሁ፣ ጥሩ ነው፣ አለው። ወንድሜ ቆይቶ ለብቻዬ፣ አባዬ መቀባጠር ጀምሯል እንዴ ብሎ ጠየቀኝ። አዎ አልኩት።

አባዬ የሞተው ከቀትር በኋላ ነው፣ እኔ እጁን ይዤ። ደጋግሜ ደወልኩ። ወንድሜ ያን ቀን ከሃያሲው ጋር መድረክ ላይ ነበር፤ የውይይቱ ርዕስ «ከጠፈር ወደ ጓዳ» ነው፤ ስልኩን አጥፍቶታል። ጓዳው ውስጥ ምን እየሆነ እንደነበር በኋላ ሰማ። ሲደርስ ቤቱ በሰው ሞልቷል። በሩ ላይ ቆሞ ጮክ ብሎ አለቀሰ። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ። ጎረቤቱ ሁሉ ደግፎ አስገባው፤ እሱም አልጋው አጠገብ፣ በመጽሐፉ ውስጥ ልጁን ያስቀመጠበት ወንበር ላይ ተቀመጠ።

መጽሐፉ ወጣ። ሃያሲው በጋዜጣ ሙሉ ገጽ ጻፈለት፤ ይህ ደራሲ ያላየውን አይጽፍም አለ። ሰው የሰማዩን መጽሐፍ ሲያነብ ባለ ሦስት ልብ ሰው አለ ብሎ አያምንም ነበር፤ የምድሩን ግን አመነ። አንዲት ጎረቤታችን፣ በር ከበር የምንተያየው፣ ጠዋት ወደ ሥራ ስወጣ የምትሸኘኝ፣ የአባዬን አንሶላ ስሰጣ የምታየኝ፣ መንገድ ላይ አግኝታኝ፣ «ምን ይደረግ፣ ሁሉም ሰው ማስታመም አይችልበትም፤ ይቅር ይበልሽ» አለችኝ። በዓይኗ ካየችው ይልቅ ያነበበችውን አመነች። አሜን አልኳት።

አንድ ቀን የጥርስ ሐኪሙ ልኬት እንዳይ ጠራኝ። ወንበሩ ላይ የተጋደመው ሃያሲው ነው፣ ሻርፑን ፈትቶ፣ ጥርሱን አውልቆ። በፊቱ አንቱ አልኩት፤ ሥራ ሥራ ነው። ወሬ አመጣና፣ የደራሲው እኅት መሆኔን ስለማያውቅ፣ በዘመኑ ካነበበው ሁሉ ያቺን ጥፍሯን የምትቆርጥ ሴት የሚያህል እውነተኛ ሰው እንዳላየ በድዱ ነገረኝ። የጥርሱን ቀለም ስናስመርጠው የሁሉንም ነጭ መረጠ። በእርስዎ ዕድሜ ትንሽ ቢጫ ያለበት ይሻላል፣ እውነተኛ ይመስላል አልኩት። «እውነተኛ ማን አለሽ? ነጭ አድርጊው» አለ። አደረግኩለት። አሁን ሲስቅ አፉ ውስጥ መብራት ያበሩበት ይመስላል።

«እርጥበት» ተወደሰ እንጂ አልተነበበም። ወንድሜ በሄደበት መድረክ ሁሉ ሰው እጁን ያወጣል፤ ጥያቄው አንድ ነው፤ ዕውሩ ሰውዬ ገባ ወይ? አሳታሚውም ሰባተኛውን የአዛዡን መጽሐፍ ካላመጣህ ደጄ ላይ እንዳላይህ አለው። መቼስ ምድር እንደ ሰማይ አይደለችም፤ ሰው ይራመድባታል።

እሑድ ከሰዓት በኋላ መጣ። የመነጽሩን ክፈፍ ወደ ድሮው መልሶታል። መጀመሪያ ዕቃ ክፍል ገብቶ ካርቶኑን አወጣ፣ አቧራውን እፍ እፍ አለ። ከዚያ የአባዬ አልጋ የነበረበት ቦታ ወንበር ስቦ ተቀመጠ። እኔ መስኮቱ ጋ የታጠበውን ብርድ ልብስ እያጠፍኩ ነበር፤ ጠርዙ በአንድ በኩል፣ አውራ ጣት በሚሄድበት በኩል፣ ሳስቷል።

«እታለም» አለኝ። «ስጽፍ አዛዡ አልመለስልህ አለኝ። ብሞክር ብሞክር አይመለስም። አባዬ ደግሞ መጨረሻውን ሰምቻለሁ ብሎኝ ነበር፤ ያኔ አልገባኝም። የነገርሽው አንቺ ነሽ አይደል? በሩን ማን ከፈተው?»

ዓይኑ ልመና ነበረው። አባቴ በሩን ያይ እንደነበረው ነው ያየኝ። ብርድ ልብሱን አጥፌ ጨረስኩ፣ ደረቴ ላይ አቀፍኩት።

«እኔ ምን አውቃለሁ» አልኩት። «እኔ እኮ በሚቀጥለው ክፍል ጥፍሬን ስቆርጥ ነበር።»